የተቀባ ጥላ

«ልጁ ጥላውን ሳለ፣ እናትየው ወሰደችው።»

ይህን የሰማሁት ቴሌቪዥን ታቅፌ ከአዳራሹ ደረጃ ስወርድ ነው። የተናገረችው የትናየት ናት፣ ቅቤ ሻጯ። ልጇን አዝላ፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣ ለማንም ሳይሆን ለነፋሱ ነው ያለችው። ነፋሱም እኔም ስለማን እንደሆነ ገብቶናል፤ ስለ አክስቴ ስለ ዓሊማ ነው። መልስ ልሰጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ትልቅ ቴሌቪዥን የታቀፈ ሰው ሲሳደብ አያምርበትም፤ ደሞ ከእጄ ቢወድቅ እሸቴ በቁሜ ይቀብረኛል። ቴሌቪዥኑ የእሸቴ ነው፣ ጌም ቤቱም የእሸቴ ነው፤ እኔ ዒምራን ደሞ የጌም ቤቱ ጠባቂ፣ ዳኛ፣ አንዳንዴም ገራፊ ነኝ። ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ እሱም አልፈለገኝም። ስለዚህ ስድቤን ዋጥ አርጌ ወረድኩ። የትናየት ዋሸች እንዳልል ደሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጠዋት ገና ጌም ቤቱን ስከፍት ነው ፈሪድ የመጣው። ፈሪድ የአክስቴ የዓሊማ ልጅ ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ እሱ ወደ ላይ አደገ፣ እኔ ወደ ጎን። ኮምፒውተር ተምሮ ተመርቆ መጥቶ፣ ሥራ አጥቶ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት ከቆየ በኋላ፣ አዲሱን ገበያ የሚሠራው ኮንትራክተር አንድ ነገር ሰጠው። ገበያው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር ሠርተህ አሳይ፣ ሰው ውስጡ ሲሄድ፣ ሲገበያይ፣ ልክ እንደ ጌም አርገህ አለው። ዛሬ ቦታ የሚደለደልበት ቀን ስለሆነ ቅቤ ሻጮቹ በሙሉ አዳራሽ ተጠርተዋል፤ የአዳራሹ ቴሌቪዥን ደሞ ከተበላሸ ቆይቷል። የጌም ቤቱን አውሰኝ አለኝ። እሸቴ ሮቢት መሄዱን ከኔ ቀድሞ አጣርቶ ነው የመጣው፤ የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ባጃጅ ጠርተን ቴሌቪዥኑን እንደ ሙሽራ መሃላችን አስቀምጠን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ፈሪድ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ አስፋልቱን ያያል። ደስ ሊለው ሲገባ ወባ የያዘው ነው የሚመስለው። እኔም ሰው ፊት መቆም ፈርቶ ነው ብዬ ስቀልድበት ነበር።

የኛ ቅቤ ተራ ከድሮም ሾላው ስር ነው። ፀሐይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለቆቦ ሰው አልነግርም፤ ለሌላው ግን፣ ረፋድ ላይ ያስቀመጥከው ቅቤ ከሰዓት ዘይት ሆኖ ይጠብቅሃል ብዬ ላሳጥረው። ስለዚህ ቅቤ ሻጮቹ ከጥላው ጋር ይዞራሉ። ጠዋት ከግንዱ በስተምዕራብ ይቀመጣሉ፣ ከሰዓት በስተምሥራቅ። እዚያ ቀድመው የተቀመጡት በርበሬ ሻጮች ያለ ጭቅጭቅ ይነሱላቸዋል፤ በርበሬ ፀሐይ አይጠላማ። ግንዱ ሥር፣ ጥላው የማይሳሳበት ቦታ ደሞ የነፍሰ ጡርና የእመጫት ነው። ማንም ትሁን የማንም ሚስት፣ ልጅ የያዘች ከመጣች የተቀመጠው ይነሳል። «ጥላ ዞረ» ብላ የምትጣራው አክስቴ ናት። ማን እንደሾማት አይታወቅም። እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ ፀሐይዋ የእግሯን ጣት ስትነካት ትጣራለች፣ ሴቶቹም ባልዲያቸውን አንስተው ይዞራሉ። አንድም ቀን የተከራከራት የለም። አሁን ግን የሾላው ቦታ ለመናኸሪያ ይፈለጋል ተባለና ገበያው ወደ አዲሱ ግንብ እንዲሄድ ተወሰነ። ግንቡ በቆርቆሮ ታጥሮ ነው የተሠራው፤ ከድልድሉ በፊት ማንም ገብቶ እንዲያይ አልተፈቀደም። ያለው የፈሪድ ፊልም ብቻ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የገበያ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ዘካሪያስ ክራቫቱን እያስተካከለ ንግግር አደረገ። ይህ የምታዩት ሥዕል አይደለም አለ፤ ኮምፒውተር አስልቶ ያወጣው ነው፣ አንድ ስንዝር አይሳሳትም። ከዚያ ፊልሙ ጀመረ። ሴቶቹ በአንድ አፍ ማሻ አላህ አሉ፣ ክርስቲያኖቹ ሳይቀሩ። ገበያው ጽድት ብሏል፣ ቆቦ ምድር ላይ አይተናቸው የማናውቃቸው ዛፎች ቆመዋል። መሃል ላይ ረጅም ግንብ አለ፣ በግራና በቀኙ መደብ ተሰልፏል። በምዕራቡ በኩል ጥላው እንደ ረጠበ አንሶላ ተዘርግቷል፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ፀሐይ ላይ ነው። መደቦቹ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ፊታቸው አንድ ነው፣ ነጠላቸው ብቻ ይለያያል። ይቺ አንች ነሽ፣ ይቺ እኔ ነኝ፣ ምነው ከሳሁ እያሉ አዳራሹን በሳቅ ሞሉት።

እኔ ሪሞት ይዤ ጎን ላይ ቆሜያለሁ። የጌም ቤት ሰው ደሞ ፊት አያይም፣ መሬት ነው የሚያየው። ምክንያት አለው። የኛ ማሽን አሮጌ ነው፤ ጌሙ ላይ ጥላ ካበራሁበት እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ እንደገባ በሬ ይንፏቀቃሉ፣ ልጆቹም ዘሬን ቆጥረው ይሰድቡኛል። ጥላውን ሳጠፋው ይፈጥናል። ለምን እንደሆነ አንዴ ፈሪድን ጠይቄው ነበር። ኮምፒውተሩ ጥላ ለመሥራት መጀመሪያ ሄዶ ፀሐይዋ ቦታ ላይ ይቆማል አለኝ፤ እዚያ ሆኖ ቁልቁል ያያል፤ ፀሐይዋ ያላየችው ነገር ሁሉ ጥላ ነው። ከዚያ ተመልሶ ለኛ ያሳየናል። ፀሐይዋ ፈቀቅ ባለች፣ ሰው በተራመደ ቁጥር እንደገና ሄዶ መቆም አለበት፤ ለዚህ ነው ትንፋሽ የሚያጥረው። ደካማ ማሽን ያለው ሰው ግን አንዴ ብቻ ይቆምና ያየውን ጥላ መሬቱ ላይ ለጥፎ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብትወጣ ብትገባ ጥላው ንቅንቅ አይልም። እነሱ መጋገር ይሉታል፤ እኔ መቀባት ነው የምለው።

ፊልሙ ውስጥ ቀኑ ሄደ። ሰማዩ ነጭ ነበር፣ ቢጫ ሆነ፣ ብርቱካን ሆነ፣ ከዚያ የመንገድ መብራቶች በሩ፣ ሴቶቹም አጨበጨቡ። ጥላው ግን ጠዋት በተኛበት ነው። ፀሐይዋ ምዕራብ፣ ጥላውም ምዕራብ። ሰው ከፀሐይ ጋር ተቃቅፎ የሚተኛ ጥላ የት አይቶ ያውቃል? ደሞ ልብ ብዬ ሳይ ሴቶቹ ጭራሽ ጥላ የላቸውም። ግንቡ አለው፣ የባንዲራው እንጨት አለው፣ በር ላይ የቆመው የሰብሳቢው ነጭ መኪና አለው። ሴቶቹ ግን መሬት እንዳልነካ ሰው ተንጠልጥለዋል፤ ለነሱ ማሽኑ አልበቃም። ዞሬ ፈሪድን አየሁት። ጫማውን እያየ ነው። ጠጋ ብዬ ጥላው የተቀባ ነው አይደል አልኩት። እጄን ጨምቆ ዝም አሰኘኝ።

ድልድሉ ተጀመረ። በምዕራብ በኩል ያሉት መደቦች ለባለ ሱቆች ቀድመው ተሰጥተዋል፤ ለቅቤ የተረፈችው አንዲት የጥግ ቦታ ብቻ ናት። ሌላው ቅቤ በሙሉ በምሥራቅ ነው። አዲሱ ገበያ ሥርዓት አለው አለ ጋሽ ዘካሪያስ፣ እንደ ሾላው ሥር መዟዟር የለም፤ ከመደቧ የተንቀሳቀሰች ቦታዋን ታጣለች። ከዚያ በዕድሜ ትልቋ ትጀምር አለ። አክስቴ ተነሳች። ሰው ሁሉ ወደ የትናየት ዞረ፤ የትናየትም ልጇን ከጀርባዋ ወደ ጡቷ አዞረች። እመጫቷ እሷ ብቻ ናት፤ የጥላዋ ጥግ የማን እንደሆነች ያልገባው ሰብሳቢው ብቻ ነው። አክስቴ ቴሌቪዥኑን ቆማ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሄዳ ጣቷን ጥላው ላይ አኖረች።

«ይቺ የኔ ናት» አለች።

የትናየት ቀስ ብላ እትዬ ዓሊማ አለች፣ ሰው የረሳውን ነገር እንደምታስታውስ ዓይነት። አክስቴ አላየቻትም። አንች ምሥራቅ ግቢ አለቻትና ተመልሳ ተቀመጠች። አንዷ ወደ ፈሪድ እያየች በናቱ ጆሮ ሹክ ብሎላት ነው አለች፤ ሌላዋ መንገር ምን ያስፈልጋል፣ ራሱ ስሎላት አለች። እነዚህ ሴቶች ሲታመሙ አክስቴ ስታጥባቸው፣ ሲሞትባቸው ስታለቅስላቸው የኖረች ናት። በአንዲት ጣት ሁሉም ነገር ተሰረዘ። እኔም አፍሬ ቴሌቪዥኑን ነቅዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ የሰማሁትን ቅድም ነግሬያችኋለሁ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ፈሪድ ሳልጠይቀው ለፈለፈ። ላፕቶፑ ጥላውን ማዞር አልቻለለትም፤ ሲያበራው ፊልሙ እየተቆራረጠ እንደ መንተባተብ ሆነበት። ስለዚህ የጠዋቱን ጥላ ቀባው። ለጋሽ ዘካሪያስም ነግሮታል፤ ከሰዓት በኋላ ምዕራቡ በሙሉ ፀሐይ ነው፣ ጣሪያውም አንድ ክንድ ብቻ ስለሆነ አያስጥልም ብሎታል። ሰውዬው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ዋናው ማማሩ ነው፣ ስለ ጥላ የሚጠይቅ የለም። ከተናገርክ ደሞ ሌላ ሥራ ከኔ አትጠብቅ።

«እናትህን እኮ እሳት ላይ ጣድካት» አልኩት።

«እሷ ትወስደዋለች ብዬ መች አሰብኩ? ለየትናየት ትሰጣለች ብዬ ነበር።»

ባጃጁን አስቆምኩት። ልወርድ ነበር፣ ቴሌቪዥኑ ጭኔ ላይ ስለሆነ አልወረድኩም። «ለየትናየት ቢሆንስ ቅቤው አይቀልጥም?» አልኩት። ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ፀሐይ ቦታ ላይ መቆም ያውቃል፤ የትናየት ቦታ ላይ ግን አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። ባለ ባጃጁ የምትጣሉ ከሆነ ወርዳችሁ ተጣሉ አለንና መንገዱን ቀጠለ።

የአክስቴ ቤት አንዲት ክፍል ናት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ። ቀን ቀን ጣሪያው ሲሞቅ ጧ ጧ ይላል። ጥግ ላይ የቅቤ ባልዲዎቹ እርጥብ ጆንያ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ከነሱ በላይ ግድግዳው ላይ ፈሪድ ጥቁር ካባ ለብሶ የተመረቀበት ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶውን በሳምንት አንዴ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ የቤቱን ሌላ አቧራ ግን እንዲህ አትጠላውም። ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሰግዳ ነበር የጠበቀችን፤ የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረበችልን። ፈሪድ አንድ ጉርሻ ይዞ ቀረ፤ እርጎው በጣቱ መሃል ወደ ክንዱ ወረደ። እሷ የጆንያዎቹን እርጥበት በእጇ እየዳሰሰች ውሃ ትረጫለች። ከባልዲዎቹ መርጣ ትልቁን አወጣች። ዝም ማለት ለኔ በሽታ ነው፤ እንደ ሳል ነው፣ ይዤ ይዤ ያመልጠኛል።

«አክስቴ፣ ያ ጥላ ውሸት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ጆንያውን ጨመቀችው። «ዕድሜዬን ጥላ ስከተል ኖሬ፣ ያልዞረ ጥላ ይጠፋኛል?»

ፈሪድ ቀና አለ። እሷ ግን የምታወራው ለኔ ነው፤ እሱ ቤቱ ውስጥ የሌለ ይመስል።

«ታዲያ ለምን ወሰድሽው?»

«ውሸት ነው ብል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጄን ላዋርድ ነው። ዝም ብል ደሞ ለየትናየት ይደርሳታል፤ እመጫት ናት።» ባልዲውን አነሳች። «ልጄ ያነደደው እሳት ነው፤ እኔው ልሙቀው።»

ብሉ እንጂ አለችንና ወጣች። ጣሪያው ጧ አለ። ፈሪድን አየሁት፣ ፈሪድ ፎቶውን አየ። ወላሂ፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እኔን ደሞ ንዴቱ ከየት እንደጀመረ ጠፋኝ። ውሸቱን ያዘዘው ሰውዬ ክራቫቱን እያስተካከለ ምሳውን ይበላል፤ ውሸቱን የቀባው ምሳው ፊት ተቀምጧል፤ መጥፎውን ስም ተቀብላ የምትቃጠለው ያልዋሸችው ሴትዮ ናት። እንዲህ ዓይነት ድልድል የት አገር አለ?

ቴሌቪዥኑን ቦታው መልሼ፣ ከሻይ ሻጯ አንድ ፌስታል ከሰል ለምኜ ወደ አዲሱ ገበያ ሄድኩ። አጥሩ ተከፍቷል። ከፊልሙ ዛፎች አንዱም የለም፤ ሲሚንቶ፣ ግንብ፣ አንድ ክንድ ጣሪያ። በምሥራቅ በኩል የትናየትና ሌሎቹ አሪፍ ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ዕድላቸው ነው ብለው ነው መሰለኝ ምንም አልጠረጠሩም። በምዕራብ በኩል ባለ ሱቆቹ ሙቀቱን አይተው ዘግተው ሄደዋል። ጥጓ ላይ አክስቴ ብቻዋን ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ፣ ነጠላዋን ከራሷ አውልቃ ባልዲው ላይ ጥላ ተቀምጣለች። የቅቤው ጫፍ ማብረቅረቅ ጀምሯል። ምን ልታረግ ነው በከሰሉ አለችኝ። ሥዕል እማራለሁ አልኳት። ከፊቷ ባለው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኬ ሰፋ ያለ ጥቁር ጥላ ቀባሁ፣ ከነዛፉ ቅርንጫፍ። መሃሉ ላይ የዘበኛውን ፕላስቲክ ወንበር አኖርኩ።

ጋሽ ዘካሪያስ ከሰዓት ፎቶ ሊነሳ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ አዲስ ነገር ተመርቆ ፎቶ የማይነሳ ሰብሳቢ የለም። ነጩን መኪና አቁሞ፣ ስልክ የሚያነሳለት ሰው አስከትሎ መጣ። ላቡ ክራቫቱን አርሶታል። ሴቶቹም ፎቶው ውስጥ ለመግባት ከግንቡ ጫፍ ጫፍ ብቅ ብቅ አሉ። እኔ በትህትና ጎንበስ ብዬ፣ ወንበሩን በእጄ ጠርጌ፣ ጋሼ ፀሐይ ላይ አይቁሙ፣ ጥላ አዘጋጅተንልዎታል አልኩት። ሰውዬው ሊቀመጥ ዞሮ መሬቱን አየ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጥላ ነው ጋሼ። እንደ ፊልሙ ነው የተሠራው፤ አይዞርም።»

ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀድማ ሳቋን ያቆመችው የትናየት ናት። ከሰሉን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ የአክስቴን ባልዲ አየች። ፊቷ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባ ይታይ ነበር። ጋሽ ዘካሪያስ ዘበኛ ተጣራ፤ ይህን ዱርዬ አውጡልኝ አለ። ከዚያ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አርጎ፣ ፊልሙን የሠራው የሴትዮዋ ልጅ ነው፣ ስህተት ካለ የእሱ ነው፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም አለ። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ይህንን ላለመስማት ነበር ያ ሁሉ። ከሰሉ እጄ ውስጥ ሳለ እጄን ለመቁረጥ ተመኘሁ።

ፈሪድ መቼ እንደመጣ አላየሁትም። ካፌ ያለ ሰው እንደሚያወራ በተራ ድምፅ ነው የተናገረው።

«የቀባሁት እኔ ነኝ። እናቴ የምታውቀው ነገር የለም። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፤ ነግሬዎታለሁ።»

ሰብሳቢው ድልድሉ አልቋል፣ ከመደቧ የተንቀሳቀሰች ቦታዋን ታጣለች ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ፎቶውንም ሳይነሳ ሄደ፤ ዘበኛው ግን ቀረ፣ የሚንቀሳቀስ እንዲጠብቅ። የትናየት መጥታ አክስቴ ፊት ቆመች። አፉ በይኝ አለቻት። ባልዲሽን አምጭው፣ እኛ ጋ ጥላ አለ አለቻት። አክስቴ ዘበኛውን በአገጯ አሳየቻት፤ አንችም ቦታሽን እንዳታጭ፣ ሂጂ ልጁ ፀሐይ ይመታዋል አለቻት። የትናየት እያለቀሰች ሄደች፣ ወደ ጥላዋ።

እዚህ ላይ ሁላችንም ምን እንደምናደርግ ጠፋን። ፈሪድ ግን ሄደና የከሰሉን ሥዕል ረግጦ እናቱ ፊት ቆመ። ጀርባውን ለፀሐይዋ፣ ፊቱን ለሷ። ጥላው ረዘም ብሎ ሄዶ ግማሹ ባልዲው ላይ፣ ግማሹ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እጁን ዘርግቶ አሰፋው። አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ ይታየኛል። ዘበኛው ምን እንደሚል አላወቀም፤ ቆሞ ስለሚያስጥል ሰው የወጣ መመሪያ የለም። አክስቴ ልጇን ቀና ብላ አላየችውም። መሬቱን ነው ያየችው፣ ጥላውን፣ ጫፉ የት እንደደረሰ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለችው።

ፈቀቅ አለ። ባልዲው ሙሉ በሙሉ ጠቆረ። ነጠላዋን ከባልዲው ላይ አንስታ ራሷ ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ አንድ ገዢ መጥቶ ቅቤውን አሽትቶ ዋጋ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ገዛ፣ ሄደ። እኔም ከሰሉን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወረድ ስትል አክስቴ እንደ ልማዷ እግሯን ዘርግታ ነበር፤ ብርሃኑ የእግሯን ጣት ነካት።

«ጥላ ዞረ» ብላ ተጣራች።

ከግንቡ ወዲያ ሴቶቹ በሙሉ ባልዲያቸውን ሲያነሱ ሰማሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሰው ሲያስቀምጡት። የተራመደው ፈሪድ ብቻ ነው።